«ዲግሪ ይዘሽ አሸዋ ልትሰፍሪ ነው?»

ከደሴ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ በሲቪል ምህንድስና ተመርቀሽ ኮምቦልቻ አንድ ሕንፃ ላይ የጥራት ተቆጣጣሪ ረዳትነት አግኝተሻል። ወንድምሽ ግን «ዲግሪ ይዘሽ አሸዋ ልትሰፍሪ ነው?» እያለ፣ ከፍለሽ የአይሶ 9001 (ዓለም አቀፍ የጥራት አመራር ደረጃ) ሥልጠና እንድትወስጂና የቢሮ ሥራ እንድትጠብቂ ይወተውትሻል።

ወንድምሽ ተሳስቷል። የአይሶ 9001 ሰርተፍኬት የሚሰጠው ለድርጅት ነው፤ አንቺ የምትይዢው ሥልጠና መከታተልሽን የሚገልጽ ወረቀት ብቻ ነው። «ውሳኔ በማስረጃ ይሁን» የሚለው የጥራት አመራር መርህ ደግሞ የሚገባው አሸዋ ለሰፈረ ሰው ነው።

50 በ40 በ20 ሳንቲ ሜትር የሆነው የአሸዋ መስፈሪያ ሳጥን በልክ ሲሞላ 40 ሊትር ይይዛል። ሠራተኛው ቆልሎ ከሰፈረ ድብልቁ ተዛባ። እርጥብ አሸዋ ደግሞ ይነፋል፤ ሳጥኑ ሞልቶ አሸዋው ጎድሏል፣ ውሃም ይዞ ገብቷል። ለ50 ኪሎ ሲሚንቶ 25 ሊትር ውሃ ታስቦ፣ «ይቅጠን» ተብሎ 5 ሊትር ቢደፋበት የውሃና የሲሚንቶው ምጣኔ ከ0.5 ወደ 0.6 ይወጣል። ትርፉ ውሃ ሲተን ቀዳዳ ትቶ ይሄዳል፤ አርማታው ይደክማል። ይህን እዚያው የሚያሳይሽ ስላምፕ፣ ማለትም የአርማታውን ቅጥነት የሚለካው ፈተና ነው። 30 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለውን ሾጣጣ በሦስት ዙር እየሞላሽ፣ እያንዳንዱን ዙር 25 ጊዜ በዘንግ ውጊ፤ ቀጥ አድርገሽ አንሺና ስንት እንደወረደ ለኪ። ጥንካሬው እንዲለካ ከአርማታው የሚሞላው ናሙና፣ ኪዩብ፣ በ7ኛው ቀን ፍንጭ ይሰጣል፤ ቁርጡ የሚታወቀው ግን በ28ኛው ቀን ነው። ያኔ ከላዩ ሌላ ወለል ተሞልቷል!

ናሙናውን ሁልጊዜ ራስሽ ውሰጂ፣ ያውም ወደ ኮለኑ (ምሰሶው) ከሚገባው አርማታ ላይ። ለኪዩብ ብቻ ተብሎ አሳምረው ያቦኩልሻል፤ ኪዩቡ ያልፋል፣ ኮለኑ ደካማ ሆኖ ይቀራል። ቀኑን፣ የኮለኑን ቁጥርና ስላምፑን እዚያው ቆመሽ መዝግቢ።

ደመወዙ ማነሱ እውነት ነው። በየቀኑ ከደሴ ኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት መውጣት መውረድ ጭራሽ ያራቁትሻል፤ ኮምቦልቻ ከጓደኛ ጋር ተከራዪ። አዲስ አበባን አንድ ዓመት የሠራሽበትን መዝገብ ይዘሽ ብትሞክሪው ይሻላል። እናትሽ ስለ ሳይት አደጋ መስጋታቸው አግባብ ነው፤ ሄልሜትና የደህንነት ጫማ ካልሰጡሽ ሥራ አትጀምሪ።

አብሽሪ። ከመፈረምሽ በፊት ግን አንድ ነገር ጠይቂ፦ «ስላምፑ ከልክ ካለፈ ሙሌቱን ማን ያስቆማል?» «ፎርማኑ ያያል» ካሉሽ፣ አንቺም የማስቆም ሥልጣን እንዲኖርሽ በውሉ ላይ አስጽፊ፤ እምቢ ካሉ ሌላ ሳይት ፈልጊ።