ለወንድሜ ብር መላክ ታከተኝ፤ ኃጢአት ይሆንብኝ ይሆን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? አረብ አገር በሰው ቤት መሥራት ከጀመርሁ ዘጠነኛ ዓመቴን ይዣለሁ። እናታችን ካረፈች ወዲህ ታናሽ ወንድሜን የማኖረው እኔ ነኝ። ትምህርቱን ተወው፤ ለባጃጅ ብዬ የላክሁለትንም ጠጣበት። የሚደውልልኝ ወር ሲሞላ ብቻ ነው። ባለፈው ጥቂት ባዘገይበት ሰድቦኝ ስልኩን ዘጋብኝ። ሰፈራችን ያሉ አንዲት ጧሪ የሌላቸው እናትም አሉ፤ በየወሩ ትንሽ እልክላቸዋለሁ። አሁን ግን ከእሳቸውም እጄን ልሰብስብ አሰኘኝ። "መልካም ሥራን ለመሥራት አንታክት" የሚለውን ስሰማ ደግሞ ኅሊናዬ ይወቅሰኛል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እኅቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ ነቢዩ ኤልያስ ፊቴ ድቅን አለ። ከኤልዛቤል ሸሽቶ የአንድ ቀን መንገድ በምድረ በዳ ከሄደ በኋላ ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ "ይበቃኛል፤ ነፍሴን ውሰድ" አለ (1ኛ ነገ. 19)። በቀርሜሎስ ጸልዮ እሳት ከሰማይ ያስወረደ ሰው ነው እንዲህ ያለው። እግዚአብሔርም አልተቆጣውም። መልአኩን ልኮ እንጎቻና በማሰሮ ውኃ ከራስጌው አኖረለት። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶም ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ ቀስቅሶ ያለው "የምትሄድበት መንገድ ሩቅ ነውና ተነሥተህ ብላ" ነው። ስለዚህ መድከምሽን በኃጢአት አትቁጠሪው። የዕረፍት ቀን ካገኘሽ ተኝተሽ እደሪበት፤ ከደሞዝሽም ለራስሽ አስቀሪ። ስንት እኅቶቻችን ዕድሜያቸውን ለቤተሰብ ልከው ጨርሰው፣ ሲመለሱ ማረፊያ አጥተው አይቻለሁና ይህን አደራ እልሻለሁ።

የጠቀስሽው ቃል ገላትያ 6፥9 ላይ ነው። እዚያው ምዕራፍ ከፍ ብለሽ ብታነቢ፣ ቁጥር 2 አንዱ የሌላውን ሸክም ይሸከም ይላል፤ ቁጥር 5 ደግሞ እያንዳንዱ የራሱን ይሸከማል ይላል። የተጣላ ይመስላል እንጂ አልተጣላም፤ በግሪኩ ቃሉ ሁለት ነው። የፊተኛው ሰውን የሚያጎብጥ ክብደት ነው፣ የኋለኛው ማንኛውም መንገደኛ ለራሱ የሚይዘው ጓዝ። ወንድምሽ እናቱን አጥቶ ልጅ ሳለ ያነሣሽለት ክብደቱን ነበር፤ ደግ አደረግሽ። ዛሬ የተሸከምሽለት ግን ጓዙን ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች ሲጽፍም "ሊሠራ የማይወድ አይብላ" ካለ በኋላ ሦስት ቁጥር ወረድ ብሎ ነው "መልካም ሥራን ለመሥራት አትታክቱ" ያለው (2ኛ ተሰ. 3)። የመጠጡን ብር መከልከል መልካም ሥራን ማቋረጥ አይደለም። መንጃ ፈቃድ ሊያወጣ ወይም እጅ ሥራ ሊማር ከፈለገ ክፍያውን በቀጥታ ለማሠልጠኛው ላኪ፤ በእጁ አትስጪው። ቢሰድብሽም በስድብ አትመልሺለት፣ ስሙን ከጸሎትሽ አታውጪ። ይህ ብር ከመላክ ይከብዳል፤ አውቃለሁ።

ወንድምሽ ስለነፈገሽ ምስጋና ግን የራሴን ልንገርሽ።

ጎጃም ቅኔ ስቆጥር ደበሎ ለብሼ፣ አኩፋዳ ይዤ እለምን ነበር። በክረምት፣ ጎተራ በሚሟጠጥበት ወር፣ ብዙ ደጅ "እግዜር ይስጥልን" ብሎ ይሸኘናል። አንዲት እናት ግን ነበሩ። "በእንተ ስማ ለማርያም" ስንል ውሻቸውን በአንድ እጃቸው አንገቱን ጨምድደው ይይዙና በሌላው ቁራሽ ይዘረጉልናል። እንጀራ ያልተጋገረ ዕለት አንድ እፍኝ ቆሎ ነው። "ነገም ና ልጄ" ይሉኛል። ውሻው እየታገለ ክንዳቸውን ሲጎትተው ዛሬም ይታየኛል። ሁለት ክረምት እንዲህ አበሉኝ። ከዚያ መምህር ለውጬ ሄድሁ፤ አልተሰናበትኋቸውም፣ ስማቸውን እንኳ አልጠየቅሁም። ከብዙ ዓመት በኋላ ብመለስ ቤቱ የለም።

ጌታ አሥር ለምጻሞችን አንጽቶ አንዱ ብቻ ሲመለስ "ዘጠኙስ ወዴት አሉ?" ብሎ ነበር (ሉቃ. 17)። እኔ ከዘጠኙ አንዱ ነኝ። ጌታችን ዘጠኙ እንደማይመለሱ እያወቀ አነጻቸው፤ ስላልተመለሱም ለምጻቸውን አልመለሰባቸውም። እኚያ እናትም የሰጡኝ መምህር ሆኜ ልመርቃቸው አልነበረም። የሰጡት በእመቤታችን ስም ለለመነ ነው፤ እኔ ብዘነጋ የተጠራው ስም አይዘነጋም።

በአማርኛችን የተቀበለ ሰው የሚለውን አስተውለሽ ታውቂያለሽ? "እግዜር ይስጥልኝ" ይላል። እኔ መክፈል አልችልም፣ እሱ በእኔ ፈንታ ይክፈልሽ ማለቱ ነው። ምሳሌ 19፥17 ላይም ለድሀ ቸርነት የሚያደርግ ለእግዚአብሔር ያበድራል ተብሎ ተጽፏል። አንቺ ዘጠኝ ዓመት ስትልኪ ምስጋናውን የጠበቅሽው ከወንድምሽ ነበር፤ ያደከመሽም ይህ መጠበቅ ይመስለኛል። ሥራው ብቻ ቢሆን አርፈሽ ትነሺ ነበር። ከዛሬ ጀምሮ ስትልኪ፣ ገንዘቡን ከመስጠትሽ በፊት አማትበሽ "ጌታ ሆይ፣ ላንተ ነው" በዪ። አጭር ናት፤ እኔም ሰው ሲያስቀይመኝ እላታለሁ፣ ልቤንም ትመልስልኛለች።

ይህን ሁሉ ለንስሐ አባትሽም አማክሪ፤ ስልክም ቢሆን ይበቃል። ለወንድምሽ የሚሆነውን ከእሳቸው ጋር ቀስ ብላችሁ ወስኑ። ለሰፈራችሁ እናት የምትልኪውን ግን እስከዚያ አታቆዪባቸው። እሳቸው አልሰደቡሽም፤ ወሩም እየሞላ ነው።