ሲያትል በ45 ዶላር ወይስ ዳላስ በ30?

ጥያቄ፦ ዳላስ የምኖር ጆርኒማን (ልምምዱን ጨርሶ ላይሰንስ ያወጣ) የቧንቧ ሠራተኛ ነኝ። በሰዓት 30 ዶላር ይከፈለኛል፤ ሥራዬ ባብዛኛው የመኖሪያ ቤት ጥገና ነው። ሲያትል ያለው የአክስቴ ልጅ «እዚህ 45 ነው፣ ምን ትጠብቃለህ?» ይለኛል። ሁለት ልጆች አሉን፤ ባለቤቴ ለጊዜው አትሠራም። ልሂድ?

መልስ፦ መጀመሪያ 45ቱ ዶላር የየትኛው ላይሰንስ ደመወዝ እንደሆነ ያጣሩ። ዋሽንግተን ስቴት ለሙሉ የጆርኒ ላይሰንስ 8,000 ሰዓት ትጠይቃለች፤ ከዚህ ውስጥ ቢያንስ 4,000ው በንግድ ወይም በኢንዱስትሪ ሕንፃ ላይ የተሠራ መሆን አለበት። የእርስዎ ሰዓት ግን ባብዛኛው የመኖሪያ ቤት ነው። ስለዚህ የሚደርስዎ 6,000 ሰዓት የሚጠይቀውና እስከ ሦስት ፎቅ ያሉ መኖሪያ ቤቶችን ብቻ የሚያሠራው ላይሰንስ ሊሆን ይችላል፤ ክፍያውም ዝቅ ይላል። የቴክሳሱ ላይሰንስ እዚያ በቀጥታ አያሠራም፤ ሰዓትዎን አስመስክረው መፈተን አለብዎት። የሠሩላቸውን ማስተር ፕላምበሮች (ከፍተኛው ላይሰንስ ያላቸው የቧንቧ ባለሙያዎች) ፊርማ ዳላስ ሳሉ ይሰብስቡ። ድርጅቱ ከተዘጋ ወይም ባለቤቱ ከተለወጠ የሠሩትን ሰዓት የሚመሰክርልዎ ያጣሉ።

አሁን ወደ ሒሳቡ። የ15 ዶላሩ ልዩነት በዓመት 2,080 ሰዓት ሲባዛ 31,200 ዶላር ነው። ሁለቱም ስቴቶች ከደመወዝ የገቢ ግብር አይቆርጡም። ፌዴራል 12 በመቶ፣ ሶሻል ሴኩሪቲና ሜዲኬር 7.65 በመቶ ሲነሳ 25,000 ገደማ፣ በወር ወደ 2,100 ዶላር ይተርፋል። ዋሽንግተን ለረጅም ጊዜ እንክብካቤ ከጠቅላላ ደመወዝ 0.58 በመቶ፣ ለቤተሰብ ፈቃድም ሌላ መዋጮ ስለምትቆርጥ በወር 2,000 ብለው ይያዙት። ደመወዙ ግን ለምሳሌ 36 ከሆነ ትርፉ በወር ከ800 ብዙም አይዘልም፤ እሱን የቤት ኪራዩ ብቻ ይውጠዋል።

ኪራይ ሲያወዳድሩ መሐል ሲያትልን ከዳላስ ዳር ጋር አያነጻጽሩ። ሲያትል አጠገብ ያሉትን፣ ብዙ ሐበሻ የሚኖርባቸውን ኬንትና ሬንተንን ይዩ፤ በሁለቱም ከተማ የመኝታ ክፍሉ ብዛትና ከሥራ ያለው ርቀት እኩል ይሁን። የመፍቻና የፔክስ ቧንቧ ዋጋ የትም ቦታ ተቀራራቢ ነው፤ ልዩነቱን የሚፈጥሩት ኪራይ፣ የልጅ ጥበቃና ኢንሹራንስ ናቸው። ባለቤትዎ ሥራ ከጀመሩ የሕፃናት ማቆያውን ዋጋ አሁኑኑ ይጠይቁ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ዩኒየን (የሠራተኞች ማኅበር) ውስጥ «ፓኬጅ» ሲባል በሰዓት ክፍያው ላይ ጡረታውና የጤና ኢንሹራንሱ ተደምሮ ነው፤ 45ቱም እሱ ሊሆን ይችላል። የአክስትዎን ልጅ «ቼክህ ላይ በሰዓት ስንት ይጻፋል?» ብለው ይጠይቁት። 45ቱ ቼክ ላይ የሚወጣ ሆኖ ኢንሹራንሱ ከዚያ ውጭ በአሠሪው የሚከፈል ከሆነ፣ ዳላስ ላይ ለቤተሰብዎ ኢንሹራንስ የሚቆረጥብዎትን በጥቅሙ ላይ ይደምሩ። እንዲህ ከሆነና 4,000ው የንግድ ሕንፃ ሰዓት ከተሟላ፣ መሄዱን እንመክራለን። ካልተሟላ እዚያው ዳላስ የንግድ ሕንፃ ሥራ የሚሠራ ድርጅት ገብተው የጎደለውን ሰዓት ይሙሉ።

ጥያቄ፦ የምኖረው ሚኒያፖሊስ ነው። ፍሎሪዳ ኑሮው ተወዷል እየተባለ የቧንቧ ሠራተኛ ደመወዝ ለምን ከእኛ ያንሳል?

መልስ፦ ደመወዝ የኑሮ ውድነትን ተከትሎ ብቻ አይወጣም። ሚኒሶታ ዩኒየኑ ጠንካራ ነው፤ የጆርኒ ላይሰንስም በስቴት ደረጃ የግድ ነው። ፍሎሪዳ ስቴቱ ላይሰንስ የሚሰጠው ለኮንትራክተሩ ነው፤ ከ1944 ጀምሮም ሕገ መንግሥቷ ማንም ሠራተኛ የዩኒየን አባል እንዲሆን እንዳይገደድ ይደነግጋል። ሠራተኛው በጋራ የሚደራደርበት ጉልበት ሲያንስ፣ ኪራይ ቢወደድም ደመወዙ ወደ ኋላ ይቀራል።