አሮጌ መጻሕፍትን በጅምላ ከመሸጥሽ በፊት

ሰላም እህቴ። በመጀመሪያ አባትሽን አላህ ይዘንላቸው፤ ለእናንተም ጽናቱን ይስጣችሁ።

ጥያቄሽን ትናንት ማታ አነበብኩት። መምህር የነበሩት አባትሽ ሁለት ካርቶን መጽሐፍ ትተዋል። አንድ ነጋዴ ቤት ድረስ መጥቶ አይቶ «ሁሉንም በ4,000 ብር ልውሰደው» ብሎሻል። ካርቶኑ ውስጥ ሽፋኑ የተገነጠለ ወፍራም የአማርኛ መዝገበ ቃላት፣ ልብ ወለዶች፣ ሞስኮ የታተሙ መጻሕፍት፣ አንድ የጣልያንኛ መጽሐፍ፣ ከአያትሽ የወረዱ ደግሞ በእጅ የተጻፉ ኪታቦች (የእስልምና መጻሕፍት) አሉ። ዋጋቸውን በምን ልወቅ ነው ያልሽው። እዚህ ከመለሱልሽ ብዙዎቹ «ሽጪና ተገላገይ» ብለውሻል። እኔ ግን አትቸኩዪ እላለሁ።

በ2008 ዓ.ም. አጎቴ ሲያርፍ እዚህ ጅማ ፈረንጅ አራዳ የነበረውን የኪራይ ቤቱን ቶሎ ማስረከብ ነበረብን። መጻሕፍቱን በሁለት ማዳበሪያ ሞላንና በ900 ብር ሸጥናቸው። የገዛን ሰው አላታለለንም። ዋጋ ጠራ፣ እሺ አልን። ከዓመት በኋላ አዲስ አበባ ሄጄ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጥ ልጅ ዘንድ ቆምኩ። የደስታ ተክለ ወልድ «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» ከፊቴ ተቀምጧል። ስገልጠው የአጎቴ ስም፣ በራሱ እጅ፣ በቀይ ስክሪብቶ። «2,500» አለኝ። አንዱ መጽሐፍ ብቻ የሁለቱን ማዳበሪያ ዋጋ ወደ ሦስት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ተከራክሬ በ2,100 ገዛሁት፤ አሁንም ቤቴ አለ። ከብሩ በላይ ያንገበገበኝ ግን ከእሱ ጋር ምን ምን አብሮ እንደሄደ አለማወቄ ነው። ዝርዝር እንኳ አልያዝንም ነበር።

ስለዚህ ከዝርዝር ጀምሪ። ስልክሽን ያዢና የእያንዳንዱን መጽሐፍ ሽፋን፣ ርእሱና ማተሚያ ቤቱ ያለበትን ገጽ፣ የመጨረሻውን ገጽና ጀርባውን ፎቶ አንሺ። ቅጠሉንም አንድ በአንድ ገልብጪ። መምህራን መጽሐፍ ውስጥ ደብዳቤ፣ ፎቶግራፍ፣ ደረሰኝ፣ አንዳንዴም የቤት ካርታ ይከታሉ። እነዚህ ለሌላ ሰው ወረቀት ናቸው፤ ለእናንተ ግን አባታችሁ ናቸው።

ለማሳመር ብለሽ ምንም አትንኪ። ሽፋኑን በፕላስተር አትለጥፊ፣ ገጹን በእርጥብ ጨርቅ አትጥረጊ፣ አዲስ ጥራዝም አታስጠርዢ። ሰብሳቢ የሚፈልገው እንደነበረ ነው። የጅማን ዝናብ ታውቂዋለሽ። ካርቶኑ ወለል ላይ ከሆነ ዛሬውኑ አንሺው። ሻጋታ ያለበትን ከሌላው ለይተሽ ነፋስ በሚገባበት ጥላ ውስጥ ገልጠሽ አቁሚው። ፀሐይ ላይ አታስጪው፤ ወረቀቱ ይደርቅና ይሰባበራል። ብል የበላው ካለ እሱንም ለብቻው አድርጊ።

አሁን ወደ ዋጋው። ብዙ ሰው «50 ዓመት የሞላው መጽሐፍ ነው» ይልና ሀብት ያገኘ ይመስለዋል። ዋጋ የሚሰጠው ግን ዕድሜው ብቻ አይደለም። ስንት ቅጂ ተርፏል? የስንተኛ እትም ነው? ሙሉ ነው? ፈላጊ አለው? እኛ ጅማዎች ይሄን ከቡና እናውቀዋለን። ቀይ እሸትና ጀንፈል (ከነልጣጩ የደረቀ ቡና) ቀላቅሎ በአንድ ዋጋ የሚሸጥ ገበሬ የለም።

እትሙን ከርእሱ ገጽ ወይም ከጀርባው ታገኚዋለሽ። «ሁለተኛ እትም» የሚል ካለ ነገሩ ግልጽ ነው። ከሌለ ማተሚያ ቤቱንና ዓመቱን ተመልከቺ። «ፍቅር እስከ መቃብር» መጀመሪያ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ደጋግሞ ስለታተመ ርእሱን ማየት ብቻ ምንም አይነግርሽም። 1958 የሚለውና ከ20 ዓመት በኋላ የወጣው በዋጋ አይገናኙም። «ኦሮማይ» ደግሞ በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት እንደወጣ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ። ከዚያ የተረፈው ቅጂ የሚፈለገው ለዚህ ነው። በኋላ የታተመው ግን ማንም ጋ አለ። አባትሽ በዚያ ዘመን መምህር ከነበሩ የመጀመሪያውን ገዝተው ሊሆን ይችላልና ደህና አድርገሽ እዪ። ደራሲው የፈረመበት ወይም «ለእገሌ ማስታወሻ» ብሎ የጻፈበት ካለ ለብቻው አስቀምጪው።

ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጊ ዓመቱ እንዳያሳስትሽ። መጽሐፉ ላይ 1958 ያለው የውጭ ሻጮች ዘንድ 1965 ወይም 1966 ተብሎ ነው የሚመዘገበው። ርእሱንም በላቲን ፊደል እንደመሰላቸው ነው የሚጽፉት። አንዱን አጻጻፍ ሞክረሽ ካጣሽው በሌላ ሞክሪ፤ በደራሲው ስምም ፈልጊ።

ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። አቤቡክስ በሚባለው የመጽሐፍ መሸጫ ድረ ገጽ ላይ «200 ዶላር» የሚል ታያለሽ። ያ የተጠየቀ ዋጋ ነው፤ ማንም ያልከፈለው ዋጋ። መጽሐፉ በዚያ ዋጋ ዓመታት ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ኢቤይ ላይ ግን የተሸጡትን ብቻ ለይቶ የሚያሳይ ማጣሪያ አለ። እሱን ተጫኚ። ሰው ከኪሱ አውጥቶ የከፈለውን ያሳይሻል። ወርልድካት የሚባለው ድረ ገጽ ደግሞ መጽሐፉ በየትኞቹ ቤተ መጻሕፍት እንዳለ ይነግርሻል። በጣም ጥቂት ቦታ ብቻ ከታየ ሳታጣሪ አትስጪው።

ለአማርኛ መጻሕፍት ግን ዋናው ገበያ እዚሁ አገር ነው። አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጡ የቴሌግራም ቻናሎች አሉ። ወደ ኋላ ተመልሰሽ «ተሸጧል» የተባሉትን ከነዋጋቸው መዝግቢ። አዲስ አበባ ዘመድ ካለሽ አሮጌ መጽሐፍ ሻጮችን «ይሄ መጽሐፍ አላችሁ? ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቅልሽ። ቢያንስ ሦስት ቦታ። የሚነግሩት የመሸጫቸውን ዋጋ ነው። ለአንቺ የሚከፍሉት ከዚያ ያንሳል። እኔ እስከ ዛሬ ያገኘሁት ከመሸጫው ሲሶ እስከ ግማሽ ነው። ይሄ ሌብነት አይደለም። እነሱም ቦታ ይከራያሉ፣ አንዱን መጽሐፍ ዓመት ይዘው ይቀመጣሉ።

ወደ ካርቶንሽ ልመለስ። መዝገበ ቃላቱ 1962 ዓ.ም. የሚል ከሆነ እኔ ከፍዬ ያስመለስኩት ዓይነት ነው። ሽፋኑ መገንጠሉ ዋጋውን ይቀንሰዋል እንጂ አይገድለውም። የተገነጠለውን ሽፋን አብረሽ አስቀምጪው። ከዚያ ቁጭ ብለሽ ገጾቹን ቁጠሪ። ያጥራል ብዬ ሳይሆን ገዢው መጀመሪያ የሚያደርገው እሱን ስለሆነ ነው። በመዝገበ ቃላት የመጨረሻዎቹ ፊደላት ላይ አሥር ቅጠል ከጎደለ ዋጋው ብዙ ይወርዳል።

የጣልያንኛው መጽሐፍ በ1938 እ.ኤ.አ. የታተመው የምሥራቅ አፍሪካ የጉዞ መመሪያ ከሆነ ብርቅ አይደለም፤ በገፍ የታተመ ነው። የእሱ ዋጋ ያለው ካርታው ላይ ነው። ተጣጥፈው የገቡት ካርታዎች ሁሉም ካሉ ጥሩ ነው። ተቆርጠው ከተወሰዱ ብዙ አትጠብቂ።

የሞስኮዎቹ፣ ፕሮግሬስ ማተሚያ ቤት በአማርኛ ያሳተማቸው፣ ወረቀታቸውና ጥራዛቸው ያምራል። ግን ብዙ ናቸው፤ የሚያወጡትም ትንሽ ነው። የድሮ የተማሪ መማሪያ መጻሕፍትም እንደዚያው። ነጋዴው እነዚህን በጅምላ ከፈለገ ስጪው። ሱቅ ውስጥ የቆሎ መጠቅለያ ከሚሆኑ ግን ለትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ብትሰጫቸው ይሻላል።

አንድ ነገር አትርሺ። የተቋም ማህተም ያለበት ካገኘሽ አትሽጪው። አባትሽ ተውሰው የቀረ ሊሆን ይችላል። እኔ ከአጎቴ ቤት በተረፈ አንድ መጽሐፍ ላይ እንዲህ ያለ ማህተም አግኝቼ ወስጄ መልሻለሁ። በደስታ ነው የተቀበሉኝ።

ስለ ኪታቦቹ ረጋ ብዬ ልንገርሽ፤ ከሁሉም የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ጅማ ከአባ ጅፋር ዘመን ጀምሮ የእስልምና ትምህርት አገር ነች። የዑለማዎቿ እጅ ጽሑፍ በየቤቱ ሣጥን ውስጥ አለ። ከዓረብኛው ሌላ በዓረብኛ ፊደል በኦሮምኛ የተጻፈም ይገኛል። ዐጀሚ ይሉታል። አያትሽ የጻፉት ወይም ያስገለበጡት ከሆነ የዓለም ገበያ ዋጋ አይለካውም። በኅዳጉ ላይ የተጻፉት ማስታወሻዎች፣ የባለቤቶቹ ስሞች፣ የተገለበጠበት ዓመት ለተመራማሪ ወርቅ ናቸው።

ሕጉንም እወቂው። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። ቅርስን ለንግድ ብሎ መግዛትና መሸጥም አይፈቅድም። ባለቤትነቱን ለሌላ ማስተላለፍ የፈለገ ሰው ለቅርስ ባለሥልጣን አስቀድሞ ማሳወቅ አለበት። ብራናም ሆነ ኪታብ እዚህ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ማታ መጥቶ «በካሽ ልክፈልሽ» የሚል ደላላ ቢመጣ በሩን ዝጊ። ኪታቦቹን መጀመሪያ ዓረብኛ ለሚያነብ የሰፈራችሁ ሼኽ አሳዩ፤ ምን ምን እንደሆኑ ይንገሯችሁ። ከዚያ ወደ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ሄደሽ አስመዝግቢ። መመዝገብ ማለት መነጠቅ አይደለም፤ ቤታችሁ ሊቆዩ ይችላሉ። ቤት ማቆየት ካልቻላችሁ ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍቱ) ወይም ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አለ። እዚያ ከገቡ የአያትሽ ስም አብሮ ይቀመጣል።

ለነጋዴው የምትመልሺለት ይሄ ነው፦ «ሁለት ሳምንት ስጠኝ፤ ዝርዝሩን ጨርሼ የምሸጠውን ለይቼ እጠራሃለሁ።» የምር ገዢ ከሆነ ይጠብቃል። «ዛሬ ካልሆነ ይቅር» ካለ አንድ ያየው መጽሐፍ አለ ማለት ነው። የትኛውን አንስቶ ደጋግሞ እንዳገላበጠ እናትሽን ጠይቂያት፤ አጠገቡ ከነበረች ታስታውሰዋለች።

የመዝገበ ቃላቱንና የልብ ወለዶቹን የመጀመሪያ ገጽ ፎቶ እዚሁ ለጥፊ፤ ያየሁትን እነግርሻለሁ። የኪታቦቹን ግን እዚህ አትለጥፊ፤ ሰው በዝቷል። ቅዳሜ ከሰዓት ሄርማታ አካባቢ ስለምገኝ ከወንድምሽ ጋር ሆናችሁ ከፈለጋችሁ ቤት ድረስ መጥቼ አብረን ቆጥረን እንለያቸዋለን።