የእናቴን የዋንዛ ጠረጴዛ እንዴት ላድስ?

ጥያቄ፦ ከእናቴ የወረስኩት ከዋንዛ የተሠራ፣ አንድ መሳቢያ ያለው የምግብ ጠረጴዛ አለ። በተለያየ ጊዜ የዘይት ቀለም ተደራርቦበታል። እግሮቹ ሲወዛወዙ አንድ አናጺ ትልልቅ ምስማር መታባቸው፤ ዓመት ሳይሞላው ተመልሰው ላሉ። በገበታው ጠርዝ ላይ መርፌ የወጋቸው የሚመስሉ ቀዳዳዎች አሉ፤ መሳቢያውም ክረምት በገባ ቁጥር አልከፈት ይላል። ቤተሰቤ በየቀኑ እንዲበላበት እፈልጋለሁና ከየት ልጀምር?
አንባቢ፣ ከደብረ ማርቆስ

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ ነፍሳቸውን ይማር። ሥራውን ከቀለሙ ሳይሆን ከእግሮቹ ይጀምሩ፤ ላዩ አምሮ መገጣጠሚያው የላላ ጠረጴዛ ብዙም ሳይቆይ እንደገና መፈታቱ አይቀርምና። ምስማር የላላ መገጣጠሚያን አያጠብቅም። እንጨት እርጥበት ሲስብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ብረቱ ግን አብሮት ስለማይሄድ ቀዳዳውን እያሰፋ፣ አንዳንዴም እንጨቱን እየሰነጠቀ ይቀመጣል። ስለዚህ ምስማሮቹን ነቅለው፣ በእያንዳንዱ እግርና በሚገባበት ማዕዘን ላይ ተመሳሳይ ቁጥር ከጻፉ በኋላ፣ ጨርቅ በተጠቀለለበት መዶሻ መታ መታ እያደረጉ ይፍቷቸው። አዲስ ኮላ በአሮጌ ኮላ ላይ ስለማይዝ፣ የድሮውን በሙቅ ውሃ አለስልሰው እንጨቱ እስኪታይ ድረስ ይፋቁትና በደንብ ያድርቁት። ወደ ቀዳዳው የሚገባው ጫፍ ከቀጠነ ስስ የዋንዛ ስንጣሪ ለጥፈው ያወፍሩት። የእንጨት ኮላ ቀብተው ከገጠሙ በኋላ በሞርሳ፣ ከሌለም በእንጨት ጠምዝዘው በሚያጠብቁት ገመድ አስረው 24 ሰዓት ይተዉት። ኮላው ሳይደርቅ ግን ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በሲባጎ አቋርጠው ይለኩ፤ ሁለቱ ልኮች እኩል ካልሆኑ ጠረጴዛው ተጣሟልና ያኔውኑ ያቅኑት።

ቀዳዳዎቹ እንጨት የሚበሉ ነፍሳት የወጡባቸው ናቸው። ቡናማው የዋንዛ ልብ ነፍሳትን ደህና አድርጎ ይቋቋማል፤ የሚጠቃው በአብዛኛው ነጣ ያለው የውጭ ክፍሉ ስለሆነ፣ ጉዳቱ በጠርዙ ላይ መታየቱ አያስገርምም። ከሥር ጥቁር ወረቀት አንጥፈው ለሁለት ሳምንት ይከታተሉ። አዲስ የዱቄት ብናኝ ከወረደ ነፍሳቱ በውስጡ ስላሉ፣ ቀለሙ ከተነሣ በኋላ የእንጨት ፀረ ነፍሳት መድኃኒት ማስቀባት ያስፈልጋል።

ስለ ቀለሙ አንድ ነገር አጥብቄ ላሳስብዎት። የቆየ የዘይት ቀለም እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ስለሚችል፣ ብናኙ በተለይ ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮች አደገኛ ነው። በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አይሞርዱት። በቀለም ማስለቀቂያ አለስልሰው ውጭ ላይ፣ ጓንትና የአፍ መሸፈኛ አድርገው ይፋቁት፤ ፍቅፋቂውንም በላስቲክ ሰብስበው ያስወግዱ። እንጨቱ ጠርቶ ሲወጣ ብቻ በ80፣ ከዚያ በ120፣ መጨረሻ በ220 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት የእንጨቱን መስመር ተከትለው ያለስልሱት። መስመሩን አቋርጠው ከሞረዱ ጭረቱ ቫርኒሽ ሲነካው አፍጥጦ ይወጣል።

የተልባ ዘይት የዋንዛን ቀለም እንደሚያደምቀው የሚያደምቅ አላየሁም፤ ይሁንና ወጥ ለሚፈስበትና በየቀኑ ለሚወለወል ገበታ የፖሊዩሬቴን ቫርኒሽ በስሱ ሦስት ጊዜ፣ በየመሐሉ አንድ ሌሊት እያደረቁ ቢቀቡት ይሻላል። ዘይቱን ለእግሮቹ ቢጠቀሙ፣ የነከሩበትን ጨርቅ ጨብጠው አይጣሉት፤ ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ስለሚፈጥር የተጠቀለለ ጨርቅ ያለ ክብሪት ሊነድ ይችላል። ዘርግተው ደጅ ያድርቁት። የትኩስ ጀበና ሙቀት ከቫርኒሹ አቅም በላይ ስለሆነ፣ በማቶት ላይ ይቀመጥ።

መሳቢያውን በክረምት እንዳያስልጉት። አሁን ያበጠው እንጨት በጋ ሲገባ ይኮማተራልና፣ ዛሬ የላጉት ያኔ ይንቋቋል። እስከ ኅዳር ይጠብቁ፤ ያኔም ከያዘ፣ ከጎኑ ተፋትጎ ያበራውን ቦታ ብቻ በትንሹ ሞርደው ነጭ ሻማ ይሹበት።