በየማታው ገጹን አየዋለሁ

የዚህ ሳምንት ጥያቄዎች ሁሉም ስልክና ፍቅር ላይ ናቸው። ረዘም ያሉትን አሳጥሬያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ከተለያየን አምስት ወር ሆነን። ግን በየማታው የፌስቡክ ገጹን ከፍቼ አየዋለሁ። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። ታራ ማርሻል የምትባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተመችው ጥናት 464 ሰዎችን ጠይቃለች። የቀድሞ ፍቅረኛቸውን ገጽ አዘውትረው የሚሰልሉት ሰዎች መለያየቱ ይበልጥ የከበዳቸው፣ ናፍቆቱም ያልወጣላቸው ነበሩ። ማየታቸው ነው ያሳዘናቸው ወይስ ያዘነ ሰው ነው የሚያየው? ጥናቱ ይሄን አይለይም፤ እኔ ግን ሁለቱም ይመስለኛል። የገረመኝ ሌላ ነው። ከጓደኝነት ዝርዝራቸው ሳያወጡት የቆዩት ሰዎች ናፍቆታቸው ካወጡት ያነሰ ነበር። ስለዚህ ጣጣው ስሙ እዚያ መኖሩ አይደለም፤ ማታ አልጋ ላይ ሆነሽ የምትቆፍሪው ነው። አዲስ ፎቶ፣ ማን ኮመንት ሰጠ፣ ይቺ ደሞ ማናት፣ የሷን ገጽ ከፍቶ ሦስት ዓመት ወደ ኋላ መሄድ፣ ከዚያ ጣት አዳልጦ የድሮ ፎቶ ላይክ ማድረግ። (ደርሶብኛል፣ ዝርዝሩን አልናገርም።) ሚውት አድርጊው (የሚለጥፈው እንዳይመጣብሽ)፣ ብሎክ የግድ አይደለም።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ አብረን ቁጭ ብለን ስልኩን አይለቅም። ስናገረው «እየሰማሁሽ ነው» ይላል።

መልስ፦ አይሰማሽም። ለዚህ ጠባይ እ.ኤ.አ. በ2012 አውስትራሊያ ውስጥ «ፈቢንግ» የሚል ስም ሁሉ ወጥቶለታል። የቤይለር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንዳገኙት ትዳሩን የሚያሻክረው በስልኩ ሰበብ የሚነሳው ጭቅጭቅ ነው። እንግዲያው ስልኩ ላይ አፍጥጦ ሳለ አትናገሪው። ስልኩ ቻርጅ ላይ ሲሆን ንገሪው።

ጥያቄ፦ ሁሉንም አፕ ላጥፋና ልገላገል?

መልስ፦ ከፈለግክ አጥፋ፣ ግን ሳታጠፋም ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ የፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ሙከራ 143 ተማሪዎችን ይዞ ግማሽ ያህሉን ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ስናፕቻት እያንዳንዳቸውን በቀን 10 ደቂቃ ብቻ እንዲጠቀሙ አደረገ። በሦስት ሳምንት ብቸኝነታቸው ቀነሰ። በሌላ ጥናት ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ፌስቡካቸውን ለአራት ሳምንት የዘጉ ሰዎች በቀን አንድ ሰዓት ገደማ ተረፋቸው፤ ከፊሉን ከቤተሰብና ከጓደኛ ጋር አሳለፉት፣ ከፊሉን ብቻቸውን ቲቪ እያዩ!

ጥያቄ፦ ኦንላይን ሆና ፎቶዬን ላይክ ካላደረገች አትወደኝም ማለት ነው?

መልስ፦ አይ ወንድሜ። ፎቶውን አላየችው ይሆናል። ደውልላት።