ፎቶ አንሺ ነኝ ለምትሉ ልጆቼ

ባለፈው ጥር የእህቴ ልጅ ስትዳር፣ ሰርጉን የምታነሳው ልጅ ምሳ ላይ አጠገቤ ተቀመጠች። ካሜራዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ማንገቻውን እጇ ላይ ጠምጥማ በችኮላ ትጎርሳለች። ፎቶ አንሺ መሆኔን አንድ ሰው ነግሯት ኖሮ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?» አለችኝ። «ሥራውን ከጀመርኩ ሦስት ዓመቴ ነው። ይከፈለኛል። ግን ሥራሽ ምንድን ነው ስባል ፎቶ አንሺ ነኝ ማለት ይከብደኛል። ሰው ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ ነኝ የሚለው?»

መልስ ሳልሰጣት ሙሽሮቹ ኬክ ሊቆርሱ ተነሱና እየሮጠች ሄደች። ጥያቄዋ ግን እኔ ዘንድ ቀረ። ይህን የምጽፈው ለእሷና እንደ እሷ ለምትጠይቁ ነው፤ ሳትጠይቁ ስማችሁ ሥር «ፎቶግራፈር» ብላችሁ ለጻፋችሁም ጭምር።

የካሜራውን ነገር ቶሎ ልለፈው። ስልክም ፎቶ ያነሳል፣ ደህና አድርጎም ያነሳል። ውድ ሌንስ የገዛ ሰው ውድ ሌንስ ገዛ እንጂ ሌላ ነገር አልሆነም። ገንዘብ መቀበልም ብቻውን አያደርስም፤ ቀብድ ተቀብለው የሙሽሮችን አልበም ስድስት ወር የሚያቆዩ ሰዎችን እናውቃለን።

እኔ የጀመርኩት በ1972 ዓ.ም. ደሴ ፒያሳ በነበረች አንዲት ጠባብ ፎቶ ቤት ነው። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ሥራዬ መጥረግ፣ ውሃ መቅዳት፣ ደንበኛ ሲመጣም ምስማር ላይ የተንጠለጠለውን ግራጫ ኮትና ከረባት አራግፎ ማልበስ ነበር። ጉርድ ፎቶ ለመነሳት የሚመጣ ሰው ሁሉ ኮት አልነበረውምና ያ አንድ ኮት ስንቱን የገጠር ተማሪ፣ ስንቱን ጥበቃ፣ ስንቱን ሹፌር እንዳለበሰ ቆጥሬ አልጨርስም። ለአንዱ ይሰፋዋል፣ ለሌላው ይጠበዋል፤ ከኋላ በመርፌ ቁልፍ እንይዘዋለን። በፎቶው ላይ አይታይም።

አሠሪዬ ጨለማ ክፍል ያስገቡኝ ከዓመት በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ያስተማሩኝ መዝገብ መያዝ ነበር። ትልቅ ባለ መስመር ደብተር ነው፤ ቁጥር፣ ቀን፣ ስም ከነአባት፣ ስንት ፍሬ እንደታዘዘ ይጻፍበታል። ፊልሙ ታጥቦ ሲደርቅ፣ ፎቶው የሚወጣበት ኔጌቲቭ ማለት ነው፣ ተቆርጦ በወረቀት ፖስታ ይገባል፤ ፖስታው ላይ ያው ቁጥር ይጻፋል። ለደንበኛው በሚሰጠው ደረሰኝ ላይም እንደዚሁ። ለምን እንደምንደክም አይገባኝም ነበር። ሰውዬው ፎቶውን ወስዷል፣ ከፍሏል፣ ሄዷል። አንድ ቀን ድፍረት አግኝቼ ጠየቅኋቸው። «ፎቶው የሱ ነው፤ ኔጌቲቩ አደራ ነው» አሉኝና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ከወጣ በኋላ የተጠሩት ልጆች ከመሄዳቸው በፊት ይመጡ ጀመር። አንዳንዱ ብቻውን፣ አንዳንዱ ከጓደኛው ጋር ትከሻ ለትከሻ ተቃቅፎ። አንዱን ፍሬ ለእናት ትተው ሌላውን ኪሳቸው ይከታሉ። ብዙዎቹን ዳግም አላየኋቸውም።

ደርግ በወደቀ ማግስት፣ በ1983 ዓ.ም. ክረምት፣ አንዲት እናት ከኩታበር በእግራቸው መጡ። ጭቃው እስከ ጉልበታቸው ደርሷል። ከመቀነታቸው ቋጠሮ አንዲት ብጣሽ ወረቀት ፈትተው አወጡ፤ ደረሰኛችን ነበረች። ቤታቸው ተቃጥሎ የልጃቸው ፎቶ አብሮ ጠፍቷል፤ መርዶው መጥቷል። «ፊቱን ይዤ ላልቅስ» አሉኝ። ሌላ ነገር አላሉም።

ኔጌቲቩን ለማግኘት አሥር ደቂቃ እንኳ አልፈጀብኝም። የፎቶ ማጠቢያ መድኃኒቱን ለማሞቅ የፈጀብኝ ጊዜ ይበልጣል፤ የደሴ ብርድ ያቀዘቅዘዋልና ሃያ ዲግሪ እስኪደርስ በከሰል ላይ በሞቀ ውሃ ውስጥ እናስቀምጠው ነበር። ከዚያ በቀዩ መብራት ሥር ወረቀቱን ነከርኩ። መጀመሪያ ፀጉሩ፣ ከዚያ የኮቱ ኮሌታ፣ ከዚያ ዓይኖቹ ወጡ። እኔው ያለበስኩት ኮት ነበር። በትልቁ አትሜ ከነርጥበቱ ሰጠኋቸው፤ ነጠላቸውን በሁለት እጅ ዘርግተው ተቀበሉት።

አዲስ አበባ መስቀል አደባባይ ያለውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ያላያችሁ ሂዱና እዩት። ግድግዳው ላይ ከተደረደሩት ፊቶች ብዙዎቹ ጉርድ ፎቶዎች ናቸው። ለትምህርት ቤት መታወቂያ፣ ለሥራ ማመልከቻ የተነሱ፣ «ቀና በል፣ ትንሽ ወደ ግራ» የተባሉ ልጆች ናቸው። ያነሳቸው ሰው ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ስንተኛውን ደንበኛ እያስተናገደ እንደነበር ማን ያውቃል። ሆኖም መብራቱን አስተካክሎ፣ ዓይን ላይ አጥርቶ፣ በደንብ አጥቦ ስለሠራ ዛሬም ፊታቸውን እናያለን። ምስሉን የሚያጸናውን መድኃኒት፣ ፊክሰሩን፣ አሟጦ ያላጠበው ሰው ፎቶ በጥቂት ዓመት ውስጥ ቢጫ ሆኖ ይጠፋ ነበር። ስለዚህ «ጉርድ ፎቶ ብቻ ነው የማነሳው» እያላችሁ ሥራችሁን አታሳንሱብኝ። እኔ በዕድሜዬ የሠራሁት ትልቁ ሥራ ሦስት በአራት ሴንቲሜትር ነው።

ስለ ፊት ካነሳሁ ጥቂት ልቆይበት፤ ብዙዎቻችሁ የምትሳሳቱት እዚህ ነው። የካሜራ ብርሃን መለኪያ ፊቱ ያለውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ይገምታል። ጥምቀት ዕለት ነጭ በነጭ ለብሶ የወጣ ሕዝብ ፊት ስታቆሙት ነጩን ግራጫ ሊያደርግ ብርሃኑን ይቀንሳል። ነጠላው አመድ ይመስላል፣ የለባሿ ፊት ደግሞ ይጠቁርና ዓይኗ ይጠፋል። ጥፋቱ የቆዳዋ አይደለም፤ የእናንተ ነው። ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ስቶፕ ጨምሩ፤ አንድ ስቶፕ ብርሃኑን እጥፍ ማድረግ ነው። ወይም ቀርባችሁ ከፊቷ ለኩና እንደ ጥቁረቷ ትንሽ ቀንሱ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ከቀትር ፀሐይ አውጥታችሁ በር ደፍ ላይ ወይም ዛፍ ጥላ ሥር ማቆም ነው፤ ያኔ ፊቷም የነጠላዋ ጥለትም አብረው ይወጣሉ። እኔ ይህን የተማርኩት ብዙ ፊልም አበላሽቼ ነው፤ እናንተ በስክሪን ወዲያው ስለምታዩት ምክንያት የላችሁም።

ፊልሙ ራሱ ለእኛ ተብሎ አልተሠራም ነበር። ፊልም አምራቹ ኮዳክ ፎቶ ለሚያጥቡ ቤቶች ይልከው በነበረው የቀለም ማመሳከሪያ ካርድ ላይ ለብዙ ዓመታት የነበረችው ነጭ ሴት ናት፤ የእሷ ቆዳ ካማረ ቀለሙ ትክክል ነው ይባል ነበር። የድርጅቱ ሰዎች በኋላ እንደተናገሩት፣ ቡናማ ቀለምን አሻሽሉ ብለው ከገፏቸው መካከል ቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ የሚያስተዋውቁ ነጋዴዎች ነበሩ። የቸኮሌቱ ዓይነት ተለይቶ ይታይ ዘንድ! እኛ ያን ፊልም ይዘን ነው እናቶቻችንን በቀለም ያነሳነው።

ዛሬ መሣሪያው ተሻሽሎ ሳለ የራሳችን ልጆች የሙሽራን ፊት በኮምፒውተር ሲያነጡ ሳይ ልቤ ይደማል። ብጉር አጥፉ፣ ላብ አድርቁ፣ ምንም አልልም፤ እኛም በእርሳስ ኔጌቲቩን እየነካካን ሪታች እናደርግ ነበር። የአባቷን መልክ ግን ከፊቷ ላይ አታንሱ። እሷ ራሷ «ቀላ አድርገኝ» ብትላችሁስ? እኔ ቁጭ አድርጌ በደንብ የበራ ጥቁር ፊት አሳያታለሁ። ብዙ ጊዜ ሐሳቧን ትቀይራለች። ካልቀየረችም የእኔን ማኅተም አላደርግበትም።

ስለ ማኅተም ልንገራችሁ። ድሮ እያንዳንዱ ፎቶ ከጀርባው የፎቶ ቤቱ ማኅተም ነበረው። ከአፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ በቤተ መንግሥት ያነሱት አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያንና ልጆቹ ስማቸው ዛሬም ከሥራቸው ጋር ይነሳል። ስም ማስፈር ለክብር ብቻ አይደለም። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ን አንብባችሁ ታውቃላችሁ? ፎቶግራፍ ጥበቃ የሚያገኘው የስብስብ አካል ከሆነ፣ በመጽሐፍ ከታተመ፣ ወይም የአንሺው ወይም የወኪሉ ስምና አድራሻ ካለበት ነው ይላል። የጥበቃው ዘመንም ሥራው ከተሠራ ጀምሮ 25 ዓመት ነው። ስማችሁን ያላሰፈራችሁበትን ፎቶ ሰው ወስዶ ማስታወቂያ ሲሠራበት ልታለቅሱ ትችላላችሁ፤ ክርክራችሁ ግን ደካማ ይሆናል። እኔ ስም አድርጉ የምለው ለሌላም ምክንያት ነው። ስም ካለበት፣ ያ ሰው «ለምን እንዲህ አድርገህ አነሳኸኝ?» ብሎ የሚመጣበት ቦታ አለው።

የተነሳው ሰው ስምስ? እኔ የወሎ ልጅ ነኝና ይህን ሳነሳ ይከብደኛል። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ኬንያዊው ካሜራማን መሐመድ አሚን ከቢቢሲው ማይክል በርክ ጋር ኮረም ገብቶ የቀረጸው የረሃቡ ምስል ዓለምን አስደነገጠ፤ እህል አስመጣ፤ ነፍስ አተረፈ። መሐመድ አሚን ትልቅ ባለሙያ ነበር። በ1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ሲፈነዳ ግራ እጁን አጥቶ፣ በሰው ሠራሽ እጅ ወደ ሥራው የተመለሰ ሰው ነው። በእሱ ላይ የምሰነዝረው ቃል የለኝም። ከዚያ በኋላ ግን ስንቱ መጥቶ የኛን ሰው አነሳ! «የተራበ ሕፃን»፣ «የኢትዮጵያ እናት» ተብሎ በየመጽሔቱ ወጣ። ስሙ የለም፣ የአባቱ ስም የለም፣ መንደሩ የለም። አሠሪዬ ሦስት ብር ለማይሞላ ጉርድ የሚጽፉትን ያህል እንኳ አልተጻፈለትም። ከእነዚያ ልጆች አንዱ አድጎ ራሱን ቢፈልግ በምን ያገኘዋል?

እናንተም ገበያ ወጥታችሁ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆማችሁ «ስትሪት ነው የምሠራው» ስትሉ እሰማለሁ። መልካም ነው። ዝቅ ብላችሁ «እማማ፣ ላንሳዎት?» በሉ። እንቢ ካሉ እንቢ ነው። አንድ ሰኞ ባቲ ገበያ ላይ አንድ የአፋር ሽማግሌ እጃቸውን ፊቴ ላይ ዘርግተው ከለከሉኝ፤ ካሜራዬን ከተትኩ። የዚያን ፊት ፎቶ አላገኘሁትም፤ አይቆጨኝም። እሺ ካሉ ደግሞ ስማቸውን ጠይቁና ጻፉ፤ ፎቶውንም አሳጥባችሁ መልሱላቸው። ቃል ገብቶ የማይመልስ አንሺ ከእሱ ቀጥሎ የሚመጣውን ሰው ሁሉ ሌባ ያስመስለዋል።

እንግዲህ ልጄ፣ በዚያ ሰርግ ላይ ለጠየቅሽኝ ይኸው መልሴ። ዛሬ ያነሳሻት ሙሽራ ከሃያ ዓመት በኋላ በርሽን ብታንኳኳና «እናቴ ያን ቀን የተነሳችውን ፎቶ እፈልጋለሁ» ብትልሽ፣ አውጥተሽ መስጠት ትችያለሽ? ከቻልሽ ፎቶ አንሺ ነኝ በይ፤ ማንም አይከለክልሽም። ለዚህ የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። ፋይሉን በሁለት ሀርድ ዲስክ ገልብጪ፤ አንዱ ከቤትሽ ውጭ ይቀመጥ። በየጥቂት ዓመቱ ወደ አዲስ አዛውሪው፣ ሀርድ ዲስክም ይሞታል። ካሜራው በሰጠው ቁጥር አትተይው፤ ቀኑንና ስሙን ጻፊበት። ዋና ዋናዎቹን በወረቀት አሳጥቢ። ሚሞሪ ሞላ ብለሽ የሰው ሰርግ አታጥፊ።

ይህን አጥብቄ የምለው እኔ ራሴ ስላጎደልኩ ነው። አሠሪዬ ሲያርፉ ፎቶ ቤቱ ለእኔ ተረፈ፤ ከነኔጌቲቩ። በ1998 ዓ.ም. ዲጂታል ገባ፣ ቤቱም ለመንገድ ተፈልጎ ልቀቅ ተባልኩ። ሠላሳ የሚሆኑ ካርቶኖች ነበሩ። ቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ደርድሬ ሁለት ክረምት ሳላያቸው ቀረሁ። ስከፍታቸው ሻጋታ በልቷቸው፣ ፊልሙ እርስ በርሱ ተጣብቆ አገኘሁት። ከመካከላቸው የሚድን ይኖር ነበር። እኔ ግን ሥራ በዝቶብኛል፣ ጠያቂም የለም ብዬ አንድ የቀን ሠራተኛ ጠርቼ አስጣልኳቸው። መዝገቦቹን ብቻ አስቀረሁ።

ከስድስት ዓመት በኋላ አንድ ጎልማሳ መጣ። ሳውዲ ብዙ ዓመት ሠርቶ ተመልሶ ነው። የእናቱን ሣጥን ሲፈታ ደረሰኝ አግኝቷል። አባቱን አያውቃቸውም፤ እሱ ሳይወለድ ዘምተው አልተመለሱም፤ አንድም ፎቶ የላቸውም። መዝገቡን ገለጥኩ። ቁጥሩ አለ፣ 2417። ቀኑ አለ። የአባቱ ስም በራሴ የልጅነት ጽሕፈት ተጽፏል። «ሁለት ፍሬ» ይላል።

የሆነውን ነገርኩት። አልተቆጣኝም። መዝገቡ ላይ ያለውን የአባቱን ስም በጣቱ ነክቶ ትንሽ ቆየና «ምን ለብሶ ነበር?» አለኝ።

«ኮት» አልኩት። «ግራጫ ኮት።»

አመስግኖኝ ሄደ። ደረሰኙን ጠረጴዛው ላይ ትቶልኛል።