«ዝፈነው፣ ያንተ ነው» ብለውኝ ነበር

ጥያቄ፦ ከ40 ዓመት በላይ የዘፈንኩ ድምፃዊ ነኝ። በ1970ዎቹ በካሴት ያወጣኋቸውንና ሌሎች አንጋፋዎች የተጫወቷቸውን ዐሥር ዘፈኖች በአዲስ ቅንብር በአንድ አልበም ላወጣ ነው። የሦስቱ የግጥምና ዜማ ደራሲ በ1985 ዓ.ም. ዐርፈዋል፤ በሕይወት ሳሉ «ዝፈነው፣ ያንተ ነው» ብለውኝ ነበር። አሁን አንደኛው ልጃቸው እከሳለሁ ይላል። አሜሪካ ያለው ልጄ ደግሞ «አባዬ፣ ክፍያውን ከከፈልክ ፈቃድ አያስፈልግህም» ይለኛል። የቱ ነው ትክክል?

መልስ፦ ልጅዎ የነገረዎት በሚኖርበት አገር ልክ ነው። በአሜሪካ አንድ ዘፈን በባለቤቱ ፈቃድ ተቀድቶ ለሕዝብ ከተሰራጨ በኋላ ሌላው ድምፃዊ የሕጉን ሥርዓት ተከትሎና የተወሰነውን ክፍያ ከፍሎ እንደገና ሊዘፍነው ይችላል፤ ባለቤቱ እምቢ ማለት አይችልም። የእኛው የቅጅና የተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ግን ለድምፃዊ እንዲህ ያለ በር አልከፈተም።

ሕዝብ ዘፈኑን የሚጠራው በእርስዎ ስም ነው። ሕጉ ግን ለሦስት ይከፍለዋል፦ ግጥሙና ዜማው የደራሲው፣ የተቀዳው ድምፅ ያሳተመው ሙዚቃ ቤት፣ በዚያ ካሴት ላይ ያለው ክዋኔ፣ ማለትም አዘፋፈኑ፣ ደግሞ የእርስዎ። አሁን እንደ አዲስ ስለሚዘፍኑ፣ ከድሮው ቅጂ ቆርጠው ካላስገቡና የቀድሞው ውል ካልከለከለዎት፣ ከሙዚቃ ቤቱ ጋር ብዙ ጣጣ የለብዎትም። ጣጣው ከደራሲው ወገን ነው። መብቱ ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመት ስለሚቆይ እስከ 2035 ዓ.ም. በወራሾቻቸው እጅ ነው።

«ያንተ ነው» ማለታቸው ከልባቸው እንደነበር አልጠራጠርም፤ ፍርድ ቤት ግን አያስጥልዎትም። ይህ መብት የሚተላለፈው በጽሑፍ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉም በጽሑፍ መሆን የሚገባው ውል እንደዚያ ካልተደረገ ረቂቅ እንጂ ውል አይደለም ይላል። እያወቁ መብቱን መጣስ በእስራት ያስቀጣል፤ የሞራል ካሳውም ከ100 ሺህ ብር አያንስም።

ስለዚህ የወራሽነት ማስረጃውን ይጠይቁና ሁሉም ወራሾች በሁለት ምስክሮች ፊት ይፈርሙልዎ። የሚከስዎትን አንዱን ብቻ ማስማማት የተለመደ ስሕተት ነው፤ እኅቱ ነገ ትመጣለች። ውሉ ለሲዲ ብቻ ነው ወይስ ለዩቲዩብና ለመድረክም? ክፍያው የአንድ ጊዜ ነው ወይስ ከገቢው ድርሻ? ይህን በግልጽ ያስፍሩ። የደራሲው ስም በአልበሙ ላይ ይጻፍ። አንድ ስንኝ እንኳ ሊቀይሩ ካሰቡ አስቀድመው ይንገሯቸው።

ለቀሩት ሰባት ዘፈኖች የድሮዎቹን ካሴቶች ሽፋን ያውጡ። እዚያ የታተመው ስም፣ ሌላ ማስረጃ እስካልቀረበ ድረስ፣ የደራሲው ነው ተብሎ ይገመታል። ሽፋኑ «የሕዝብ» የሚል ከሆነም ወዲያው አይመኑ፤ የሕዝብ ዜማ ነው ተብሎ ደራሲው በኋላ ብቅ ሊል ይችላል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የተባሉት ቅኝቶች የማንም ንብረት አይደሉም፤ በባቲ ቅኝት የተደረሰ አንድ ዜማ ግን ባለቤት አለው።

የደራሲውን ልጅ በጠበቃ ደብዳቤ አይጀምሩት። ራስዎ ቤቱ ሄደው ያነጋግሩት፤ አባቱን ያውቋቸው ነበርና። ውሉን በኋላ እንጽፈዋለን።